የቪላ ሙለርን ውስጥ በሞዴል እንዴት ላጥናው? ብላ ለጠየቀችው ተማሪ

ጥያቄዋ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ የምትማር የ3ኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነች። ስቱዲዮ ላይ አንድ የሞደርኒስት መኖሪያ ቤት ምረጡና የውስጡን ስፔስ በሞዴል አጥኑ ተባሉ፣ እሷ ፕራግ ያለውን የአርክቴክቱን የአዶልፍ ሎስን ቪላ ሙለር መረጠች፣ በ1:100 ስኬል (ከእውነተኛው መቶ ጊዜ አሳንሳ) በነጭ ፎም ቦርድ አሳምራ ሰራችው፣ ጣሪያው ይነሳል ፎቆቹም አንድ በአንድ ይነሳሉ፣ አስተማሪዋ ግን አይቶት "ቆንጆ ሳጥን ነው፣ ውስጡ የታለ?" አላት። ሌዘር ከተር የለም፣ ብር አጥሯል፣ የቀራት ሶስት ሳምንት ነው፣ ሁለተኛ ምን አድርጌ ልስራው፣ ወይስ ስኬቻፕ (የኮምፒውተር 3ዲ መስሪያ ፕሮግራም) ላይ ሰርቼው ሬንደር (ከሱ የሚወጣውን ፎቶ መሳይ ምስል) ባቀርብ ይበቃል ወይ ነው የምትለው።

አብሽሪ እህቴ፣ እጅሽ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ሞዴሉ የሚከፈትበት አቅጣጫ ነው። አስተማሪሽ ያለሽ ልክ ነው ግን ለምን ልክ እንደሆነ አብራርቶ ስላልነገረሽ ከሱ ልጀምር፣ እሱ ከገባሽ ስለ ስኬሉም ስለ ማቴሪያሉም ማንንም ሳትጠይቂ ራስሽ ትወስኛለሽ።

ፎቆቹ አንድ በአንድ ይነሳሉ ያልሽው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ቪላ ሙለር ዋናው የመኖሪያ ክፍል ላይ ብድግ ተደርጎ የሚነሳ ፎቅ የለውም እኮ። ሳሎኑ አንድ ከፍታ ላይ ነው፣ የምግብ ክፍሉ ከሳሎኑ ደረጃ ወጥተሽ ነው የምታገኚው፣ የእመቤቲቱ ትንሽ ማረፊያ ክፍል ደግሞ ከሱም ከፍ ይላል፣ የሳሎኑ ሲሊንግ ረጅም ነው የምግብ ክፍሉ ዝቅ ያለ ነው፣ እና አንዱ ክፍል ያለቀበት ከፍታ ላይ ሌላው ገና መሃሉ ነው። ስለዚህ ያንቺ ሞዴል ላይ ፎቁ ተስተካክሎ የሚነሳ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ወለሎቹን እኩል አርገሻቸዋል ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ የከፍታ ልዩነቱን አንድ መስመር አርገሽ አልፈሽዋል። ያ ልዩነት ከጠፋ ደግሞ የሎስ ስራ ጠፋ፣ የቀረው አራት ማዕዘን ነጭ ቤት ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ሊሰራው ይችላል። የላይኛው የመኝታ ፎቅ ላይ እንኳን ችግር የለም፣ እሱ እንደማንኛውም ቤት አንድ ወለል ላይ ነው፣ ብታነሺው ይነሳል።

ቤቱን እንደምታውቂው አውቃለሁ፣ ግን ሞዴል ለመስራት የሚጠቅሙሽን ነገሮች ብቻ ላንሳ። ሎስ በ1870 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) ብርኖ ተወልዶ ቪየና የሰራ ሰው ነው፣ ይሄ ቤት የተሰራው ከ1928 እስከ 1930 ነው፣ ሎስ ሊሞት ሶስት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው፣ ካሬል ልሆታ የሚባል አርክቴክት አብሮት ሰርቷል። ባለቤቱ ፍራንቲሼክ ሙለር ኢንጂነር ነው፣ የኮንስትራክሽን ድርጅት ሸሪክ ነበር፣ አርማታ ስራውም እሱ ነው፣ ስለዚህ ወለሎቹን እንደዚህ ከፍና ዝቅ አድርጎ ለመስቀል የሚያስፈልገው አቅም በእጁ ነበር። ከውጭ ብታይው ነጭ፣ ልሙጥ፣ ቢጫ የመስኮት ፍሬም ያለው ነገር ነው፣ ምንም አይናገርም። ሎስ ቤት ለውጭ ሰው ዝም ማለት አለበት፣ ሀብቱን ማሳየት ያለበት ለውስጥ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለነበር ሆን ብሎ ነው ያደረገው። እና አንቺ ሞዴልሽ ላይ ያሳመርሽው የትኛውን ነው? ዝም በል የተባለውን ክፍል። ለዚህ ነው ሳጥን ነው የተባልሽው።

ሎስ ክፍሎቹን የሚያስበው በፎቅ ሳይሆን በቮልዩም ነው፣ እያንዳንዱ ክፍል ለሚሰጠው አገልግሎት የሚገባውን ወለል ስፋትና ቁመት ይወስዳል፣ ሰው የሚሰበሰብበት ረዘም፣ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት አጠር፣ ከዛ እነዚህን ሁሉ አጠላልፎ አንድ ሳጥን ውስጥ ይከታቸዋል። ተማሪው ሃይንሪሽ ኩልካ ነው በ1931 ራውምፕላን (በጀርመንኛ የስፔስ ፕላን እንደማለት) የሚል ስም የሰጠው፣ ሎስ ራሱ ስሙን ብዙም አልተጠቀመበትም። በዛው ዓመታት ፓሪስ አጠገብ ፖይሲ ላይ ሌ ኮርቡዚየር ቪላ ሳቮይን እየሰራ ነበር፣ ከ1928 እስከ 1931፣ እሱ ተቃራኒውን ነው ያደረገው፣ ወለሉን ጠፍጣፋ አድርጎ ትቶ ግድግዳውን ነው ነጻ የለቀቀው። የክፍል ጓደኛሽ ሳቮይን ከመረጠች ፎቅ የሚነሳ ሞዴል ለሷ ይሰራል፣ ወለል አንስታ ፕላኑን፣ ከላይ ሲታይ ያለውን የክፍሎች አቀማመጥ፣ ታሳያለች። ያንቺን ግን እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ ወደታች መቁረጥ ነው ያለብሽ፣ ከላይ ገልጠሽ ብታይው ቅርፊቱን ብቻ ነው የምታገኚው።

እሽ እንዴት ይጀመራል። ግድግዳ እንዳትነኪ። መጀመሪያ ወለሎቹን ብቻ ስሪ፣ በ1:50፣ እያንዳንዱን ክፍል አንድ ፕላትፎርም አድርጊና በትክክለኛ ከፍታው በእግር ላይ አቁሚው፣ እግሩ የጥርስ እንጨትም የሺሽ ኬባብ እንጨትም ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ቁመቱ ነው። ግድግዳ የሌለው፣ የተንሳፈፉ ወለሎች ሞዴል ይሆንልሻል። ይሄን ስትሰሪ አንድ ዜሮ ከፍታ ምረጪ፣ የመግቢያውን በር ደፍ ለምሳሌ፣ ከዛ የሁሉንም ክፍል ወለልና ሲሊንግ ከዜሮው ስንት እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። ፕላኑ ላይ ከፍታው ካልተጻፈልሽ ደረጃ ቁጠሪ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስንት ደረጃ እንዳለ ፕላኑ ላይ ይታያል፣ አንዱን ደረጃ 17 ሳንቲ ገደማ ብለሽ ብታሰቢው ወደ እውነቱ ትጠጊያለሽ፣ ከዛ ሴክሽኑ (ቤቱ ከላይ ወደታች ተቆርጦ ከጎን የሚታይበት ስዕል) ላይ በስኬል ለክተሽ ታስተካክይዋለሽ። ይሄ ወረቀት ከሞዴሉ በላይ ያስተምርሻል፣ ስትጽፊው ነው የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ የሚገባሽ።

ደረጃው ላይ ጊዜ ውሰጂ። ብዙ ተማሪ ደረጃን መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ያደርገዋል፣ እዚህ ቤት ግን ደረጃው ነው ክፍሎቹን የሚያዋውቃቸው። ሰው ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ ዝቅ ያለች መግቢያ ነች፣ ግድግዳዋ አረንጓዴ መስታወት የለበሰ፣ ቀጥሎ ልብስ የሚሰቀልበት ቦታ፣ ከዛ ጠባብና ዞር የሚል አጭር ደረጃ፣ እሱን ስትጨርሺ ድንገት ሳሎኑ ይከፈትልሻል። ጠበብ ጠበብ ብሎ መጥቶ ነው የሚለቅሽ። አሁን ያቺን ጠባብ ደረጃ በስፋትም በሲሊንግ ቁመትም ትክክል ካላደረግሻት ሳሎኑ ትልቅ መሆኑ አይታወቅም፣ ምክንያቱም ሳሎኑን ትልቅ ያደረገችው እሷ ነች። ስለ ማቴሪያልም ከጠየቅሽኝ፣ ተራው የሱቅ ካርቶን፣ ባለ አንድ ረድፍ ሞገዱ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ1:50 አንድ ደረጃ 3.4 ሚሊ ይመጣል፣ ስለዚህ አንድ ካርቶን አንድ ደረጃ ነው፣ ጫን እያልሽ ብትለጥፊው ይስተካከላል። በ1:20 ደግሞ 8.5 ሚሊ ነው፣ ሁለት ካርቶን በላዩ ላይ ከነሙጫው አንድ ደረጃ። ያው 4 ሚሊ ካርቶን በ1:50 የ20 ሳንቲ ግድግዳ ነው፣ 5 ሚሊ ፎም ቦርድ የ25 ሳንቲ። ቀጭን መከፋፈያ ግድግዳ ከፈለግሽ የካሌንደር ጀርባና የደብተር ሽፋን አለልሽ። ከተማው ውስጥ የኤሌክትሮኒክስና የብስኩት ሱቆች በር ላይ ካርቶን እንደ ጉድ ነው፣ ለሞዴል ነው ብትያቸው ማንም ብር አይጠይቅሽም። ብርሽን ለጥሩ ከተርና ለኮላ አውጪው፣ የደነዘዘ ምላጭ ካርቶን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ምላጩን ጫፍ ጫፉን ቶሎ ቶሎ ስበሪው።

ወለሎቹ ከቆሙ በኋላ ጣትሽን አንዱ ወለል ላይ አድርገሽ ከዚህ ቆሜ ምን ይታየኛል በይ። ከሳሎኑ የምግብ ክፍሉ ይታያል፣ ክፍት ነው፣ ግን ከፍ ስላለ ጠረጴዛው ላይ ያለው አይታይም። ከምግብ ክፍሉ ደግሞ ሳሎኑን ቁልቁል ታያለሽ። የእመቤቲቱ ክፍል ወደ ሳሎኑ የሚያይ የውስጥ መስኮት አላት፣ እሷ ላይ ሆና ማን ገባ ማን ወጣ ታያለች፣ ከታች ያለው ሰው ግን እሷን ለማየት ቀና ማለት አለበት፣ እሱም ትንሽ ነው የሚያየው። ስለዚህች መስኮት ብዙ ተጽፏል፣ አንዳንዱ የሴት ቦታ ጥበቃ ነው ይላል አንዳንዱ ቁጥጥር ነው ይላል፣ እኔ ለአንቺ የምለው ከማንበብሽ በፊት ራስሽ ሞዴሉ ላይ አይተሽ ድረሺበት። ሁለት ሰው ቆርጠሽ አስገቢ፣ አንዷ እላይ የተቀመጠች አንዱ ታች የቆመ፣ የቆመ ሰው ዓይን ከወለል 1.6 ሜትር ነው፣ የተቀመጠ 1.2 አካባቢ፣ በ1:50 3.2 ሳንቲና 2.4 ሳንቲ ማለት ነው፣ ክር ከዓይን ወደ ዓይን ወጥሪ። ክሩ ግድግዳ ነካ አልነካም? ያ ክር አንድ ገጽ ጽሁፍ ነው የሚሆንልሽ።

አሁን ግድግዳ አልብሺውና ቁረጪው። የት ይቆረጥ የሚለው ዋናው ውሳኔ ነው። የመቁረጫው መስመር ደረጃውን፣ ሳሎኑንና የምግብ ክፍሉን አንድ ላይ መንካት አለበት፣ የሶስቱ ከፍታ ባንዴ እንዲታይ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሶስቱንም ካላገኘልሽ መስመሩን አጥፈሽ አሳልፊው፣ ሴክሽን መስመር እንደሚታጠፈው። ቤቱን ለሁለት ግማሽ ከፍለሽ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ወይም ተንሸራቶ የሚለያይ አድርጊው፣ ሲዘጋ ደግሞ ከውጭ ያ ዝም ያለ ነጭ ቤት ይሁን። የተቆረጠውን ፊት፣ የግድግዳውንም የወለሉንም ውፍረት፣ ጥቁር ቀቢው ወይም ጥቁር ወረቀት አልብሺው፣ ዓይን ባዶውን ወዲያው ከጠጣሩ እንዲለየው።

የ1:50ው ሙሉ ቤቱን ለመረዳት ነው። ግን ውስጥ ገባሁ የሚያሰኝሽ እሱ አይደለም፣ ለዛ አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ከጠባቡ ደረጃ ጀምሮ እስከ ምግብ ክፍሉ ያለውን፣ በ1:20 ስሪ። ሙሉ ቤቱን በ1:20 እንዳትሞክሪ፣ በሚኒባስም አይጫንልሽም ጊዜውም አይበቃም። ይሄኛው ካርቶን በካርቶን ይሁን፣ ቆሻሻ ይሁን፣ ማንም ከውጭ አያየውም፣ ውስጡ ብቻ ነው ስራው።

ፎቶ ማንሳቱ ላይ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ስልክሽን እንደያዝሽው ቀጥ አርገሽ ሞዴሉ ውስጥ ብታቆሚው ካሜራው ከወለሉ 13 ወይም 14 ሳንቲ ላይ ነው፣ በ1:20 ይሄ 2.7 ሜትር ገደማ ነው፣ በ1:50 ደግሞ 7 ሜትር፣ ማለትም የምታነሺው ፎቶ ሁሉ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ ሰው የሚያየውን ነው። ስልኩን ገልብጪው፣ ካሜራው ወደታች ይሁን፣ ከስሩ የካርቶን ቁራጭ አድርገሽ ሌንሱን ከወለሉ 8 ሳንቲ ላይ አምጪው፣ በ1:20 የቆመ ሰው ዓይን በትክክል እሱ ነው። የተቀመጠ ከሆነ 6 ሳንቲ። ስልኩ ካልገባ ወለሉ ላይ ወይም ማይታየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አውጪለት። ባለ ሰፊ ማዕዘን ካሜራውን አትጠቀሚ፣ ጠባቧን ደረጃ አዳራሽ ያስመስላታል። ሎስ ራሱ ክፍሎቼ ፎቶ ላይ ምንም አይመስሉም ብሎ የሚኮራ ሰው ነበር፣ ስለዚህ አንድ ቆንጆ ፎቶ አትፈልጊ፣ ሰው በሚራመድበት ቅደም ተከተል ከመግቢያው ጀምሮ እያንዳንዱ መዞሪያ ላይ አንድ አንድ አንሺ፣ ደርድረሽ ለጥፊያቸው፣ ጥናቱ ድርድሩ ነው።

የማቴሪያል ነገር ላይ አንድ ሀሳብ አለኝ፣ የምትስማሚበት ከሆነ። ሳሎኑ ቺፖሊኖ የሚባል አረንጓዴ ጅማት ያለው እምነበረድ ለብሷል፣ የምግብ ክፍሉ ጠቆር ያለ ማሆጋኒ እንጨት፣ የእመቤቲቱ ክፍል ደግሞ ቢጫ ሌመንዉድ የሚባል እንጨት። ተማሪ ወዲያው የሚያስበው የእምነበረድ ፎቶ ፕሪንት አድርጎ መለጠፍ ነው። አታድርጊው። ሎስ ከ1898 ጀምሮ ሲከራከርበት የኖረው ነገር ልባስ የሆነ ነገር ሌላ ነገር እንዳይመስል ነው፣ ወረቀት ላይ የታተመ እምነበረድ ደግሞ የዛ ተቃራኒ ነው፣ ስኬሉም አይገጥምም፣ ጅማቱ በ1:50 ገመድ ያህል ሆኖ ይታያል። ከዛ ይልቅ ሶስት ዓይነት ቃና ብቻ ምረጪ፣ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብሩህ፣ እና የሚያንጸባርቅና የማያንጸባርቅ ለዪ። ለምግብ ክፍሉ ሻይ የተቀባ ካርቶን ይበቃል፣ ሻዩን ጠንከር አድርገሽ ደጋግመሽ ብትቀቢው ማሆጋኒ አይሆንም ግን ከሳሎኑ የጠቆረና የሞቀ መሆኑ ይታያል፣ የሚፈለገው እሱ ነው። ሳሎኑ ላይ ለስላሳ ወረቀት፣ ትንሽ የሚያበራ።

ብርሃን። ይሄን ማንም ስለማይነግርሽ ረዘም አርጌ ልጻፈው። ሞዴልሽን ኮምቦልቻ ግቢ አውጥተሽ ጸሐይ ላይ ብታስቀምጪው የምታይው የኮምቦልቻን ጸሐይ ነው፣ አናት ላይ የምትወርድ፣ በመስኮት ብዙም የማትገባ። ፕራግ ግን 50 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፣ እኛ 11 ላይ ነን። በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆን ቀትር ላይ ጸሐይ እኛ ጋ 79 ዲግሪ ከፍ ትላለች፣ እነሱ ጋ 40 ብቻ። በታህሳስ ደግሞ እነሱ ጋ ቀትር ላይ እንኳን 16 ወይም 17 ዲግሪ ነች፣ እስከ ክፍሉ ጥግ ድረስ ተኝታ ነው የምትገባው። ግን መፍትሄው ቀላል ነው፣ የሁለቱ ቦታ ልዩነት 39 ዲግሪ ነው፣ ሞዴሉን ሰሜኑን በትክክል ወደ ሰሜን አዙረሽ ደቡብ በኩሉን 39 ዲግሪ እስኪያጋድል ከፍ አድርጊው፣ በቃ፣ ጸሐይዋ ለሞዴሉ የፕራግ ጸሐይ ሆነችለት። ያን ቀን በዛ ሰዓት ፕራግ ላይ የሚገባው ብርሃን ነው የሚገባልሽ። ማዕዘኑን በስልክ ወይም በፕሮትራክተር ለኪ፣ እቃዎቹን አጣብቂ አለዚያ ይንሸራተታሉ። የኛ ቀትር ደግሞ ከ6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፣ አንድ እንጨት አቁመሽ ጥላው በጣም ያጠረበትን ሰዓት ብትይዢ የሰሜንና የደቡብን መስመርም እሱ ያሳይሻል። ሰማዩ ሲደፍን አትልፊ፣ ጥርት ያለ ቀን ጠብቂ። እና ጣሪያውን በደንብ ዝጊው፣ በስንጥቅ የሚገባ ብርሃን ሁሉንም ያበላሸዋል፣ ፎም ቦርድም ብርሃን ያሳልፋል፣ ከውጭ አልሙኒየም ፎይል ወይም ጥቁር ፌስታል አልብሺው።

ጊዜ ከተረፈሽ የምመክርሽ ሌላ ሞዴል አለ፣ በኔ እይታ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ባዶውን ጠጣር አድርጊው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሉዊጂ ሞሬቲ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የህንጻዎችን የውስጥ ባዶ ስፍራ በጀሶ ጠጣር አድርጎ ሰርቷቸው ነበር፣ ግድግዳው የለም፣ አየሩ ነው ድንጋይ የሆነው። አንቺም መግቢያውን፣ ደረጃውን፣ ሳሎኑን፣ የምግብ ክፍሉንና የእመቤቲቱን ክፍል በ1:100 እንደዛ ብታወጫቸው ማን ከማን ጋር እንደተጠላለፈ በእጅሽ ዳሰሽ ታውቂዋለሽ። 5 በ6 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 4 የሆነ ክፍል በ1:100 120 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ነው፣ ከቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም፣ ጀሶው አያስወጣሽም። የክፍሉን ቅርጽ በካርቶን ሳጥን ስሪ፣ ውስጡን በሰፊ የማሸጊያ ፕላስተር ልበጪው፣ የምግብ ዘይት በጣትሽ ቀቢው እንዳይዝ፣ ጠርዞቹን በሸክላ ወይም በኮላ ድፈኚ። ስትበጠብጪው ውሃውን ጀሶ ላይ እንዳትደፊ፣ ጀሶውን ውሃው ላይ በእጅሽ በተን በተን አድርጊ፣ ውሃው መጠጣቱን ትቶ ላዩ ላይ ደሴት መስራት ሲጀምር አቁሚ፣ ቀስ ብለሽ አዋህጂ፣ አረፋ እንዳይገባበት፣ ቶሎ አፍስሺው ምክንያቱም ደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚጠነክረው። ሲሞቅ አትደንግጪ፣ እየያዘ ነው፣ ቀዝቅዞ ሲደርቅ ካርቶኑን ላጪው።

ይሄ አስተሳሰብ ደግሞ ለወሎ ልጅ ባዕድ ሊሆን አይገባም። ላሊበላ ያለሽበት አገር ነው እኮ። ቤተ ጊዮርጊስን የሰሩት ሰዎች ግድግዳ አልገነቡም፣ ከላይ ወደታች አለቱን ዙሪያውን ቆፍረው ለዩት፣ ከዛ ውስጡን ፈለፈሉት፣ የሰሩት ነገር ባዶው ነው፣ ግድግዳና አምድ የሚባለው ሳይቆፈር የቀረው ነው። እዛ ስራ ላይ የሲሊንግ ከፍታ በኋላ የሚስተካከል ነገር አይደለም፣ አንዴ የተቆፈረ አይመለስም፣ ሰውየው መዶሻውን ሳያነሳ በፊት ክፍሉ በጭንቅላቱ ሙሉ መሆን አለበት። አስራ አንዱም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፣ አርክቴክቸር ተማሪ ሆነሽ ሄደሽ ካላየሻቸው ሂጂ፣ ስኬች ደብተር ይዘሽ ሴክሽን ሳዪ፣ ፕላን አይደለም። እዛው ላሊበላ ያሉትን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶችም እዪ፣ ወደ ላይኛው የሚወጣው ደረጃ ከውጭ ነው፣ እና ቤቱ ከውስጥ ሁለት ዓለም ነው የሚሆነው፣ ሎስ ካደረገው ጋር ብታነጻጽሪው ብዙ የሚወራ አለው።

ያን ያህል ካልቻልሽ ቅዳሜ ደሴ ውጪ። ሐረጎን ወጥተሽ ጦሳ ስር ዳገት ላይ የተሰራ ቤት አይጠፋም፣ ከመንገድ በኩል ስትገቢ አንድ ቤት የሚመስል፣ ወደ ጓሮ ስታልፊ ከስሩ ሌላ ክፍል ያለበት፣ በመሃል ሶስት አራት ደረጃ ወርደሽ ማድቤት የምታገኚበት። ባለቤቶቹን ሰላም ብለሽ አስፈቅደሽ በሜትር ለክተሽ ሴክሽኑን አንሺ። ቡና ሳትጠጪ አይለቁሽም፣ እሱም ይጠቅምሻል፣ ቁጭ ብለሽ የት ሆኖ ማን ምን እንደሚታየው ታያለሽ። የፕራጉን ቤት በእግርሽ ልትሄጂበት አትችዪም ለጊዜው፣ የደረጃ ወርዶ መግባትንና ወጥቶ መግባትን ስሜት ግን እዚሁ ሰውነትሽ ሊያውቀው ይችላል፣ ያን ካወቅሽ የሎስን ሴክሽን ስታነቢ ጉልበትሽ ያስታውሰዋል። ፕራግ የመሄድ እድል ካጋጠመሽ ደግሞ ቤቱ ተጠግኖ ከ2000 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ክፍት ነው።

ስኬቻፕስ ላልሽው፣ ስሪው፣ ግን በመጀመሪያ ሳይሆን ከወለሎቹ ሞዴል ጎን ለጎን፣ ልኬት ለማጣራት በጣም ይረዳል። የማይረዳሽ የት ነው መሰለሽ፣ ካሜራው ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፣ ተንሳፍፎ ይቆማል፣ የፈለግሽውን ማዕዘን ይሰጥሻል፣ እና ክፍሉ ጠባብ መሆኑን አንዴም አይነግርሽም። ወለሉ ምን ላይ እንደተቀመጠም አይጠይቅሽም። ካርቶን ግን ያልተደገፈ ወለል ይወድቅብሻል፣ ያኔ አሃ እዚህ ስር ምን ነበር ብለሽ ፕላኑን ደግመሽ ታያለሽ፣ መሃል ላይ ያሉት የአርማታ ኮለኖች ለምን እዛ እንደቆሙ የሚገባሽ ያኔ ነው። ሬንደር ብቻ ይዘሽ ብትቀርቢ አስተማሪሽ ያለሽን ያንኑ ነው የሚደግምልሽ።

ሶስት ሳምንቱን እንደዚህ ያዢው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከፍታ ወረቀቱና ተንሳፋፊ ወለሎቹ ላይ አጥፊው፣ አትቸኩዪ፣ ሁለተኛው ሳምንት የሚከፈተው 1:50 ነው፣ ሶስተኛው 1:20ው ቁራጭና ፎቶው። ጀሶው በመሃል ሲደርቅ ሌላ ስራ ስለምትሰሪ ብዙ ጊዜ አይወስድብሽም። የድሮውን ነጭ ሳጥን አትጣዪው፣ ጁሪው (ስራሽን የሚገመግሙት መምህራን) የሚመጣበት ቀን ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ እሱን አስቀምጪ፣ ከጎኑ ለሁለት የተከፈተውን፣ ከዛ ጀሶውን። ሰዎቹ ቆመው ከላይ እንዳያዩት ደግሞ የ1:20ውን ቁራጭ ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጊው፣ ወለሉ ከቆመ ሰው አገጭ ጋር እኩል ይሁን፣ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው በቀጥታ ጠባቧ ደረጃ ላይ ያርፋል። ከመግቢያው በኩል ነው የሚያዩት፣ ከሌላ በኩል ክፍት ቦታ አትተዪላቸው። ከፍታዎቹን ስትጽፊ የማይገጥምልሽ ካለ ሴክሽኑንና የቆጠርሽውን ደረጃ ብዛት አብረሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።